በአይጦች ጉንጭ ውስጥ ስለሚገኘው የመሥሪያ ቤቱ ንብረት

ለተከበሩ የንብረት አስተዳደር ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤና፣ የቤተሰብዎን ሰላም፣ የማኅተምዎንም ደህንነት ከልብ እመኛለሁ። እኔ ምድር ቤት ባለው ቤተ ሙከራ ቴክኒሺያን ነኝ። ሥራዬ ከፀጉር የቀጠኑ ኤሌክትሮዶችን በአይጦች ጉንጭ ውስጥ፣ የፊትን ስሜት ወደ አንጎል በሚያደርሰው ነርቭ ላይ መትከል ነው፤ በትንሽ ኤሌክትሪክ የፊት ሕመም ይታገስ እንደሆነ ለማየት። በስድስት አይጦች ስምንት ወር ደክሜ የቀረኝ የሦስት ሳምንት ልኬት ብቻ ነው። እርስዎም ዓመታዊው ቆጠራ ዓርብ ስለሚዘጋ ኤሌክትሮዶቹ ተነቅለው ግምጃ ቤት እንዲገቡ ማዘዝዎን ሳነብ፣ ለንብረት ያለዎት ፍቅር አስደንቆኛል።

ይሁንና በታላቅ ትሕትና የሚከተለውን አመለክታለሁ፦

፩. ማክሰኞ የላኳቸው የግምጃ ቤት ሠራተኛ፣ የተቆጠረ ንብረት ሁሉ መለያ ቁጥር ያስፈልገዋል ብለው ከአይጧ ጭንቅላት የሚበልጥ ቆርቆሮ ይዘው መጥተዋል። የት ይለጠፍ ብዬ ብጠይቃቸው ጀርባዋም ይበቃል ስላሉኝ አመሰግናለሁ። አይጧ ግን አልተስማማችም፤ ለመሆኑ ጣታቸው ተሻለው?

፪. ሽቦው ነርቩን አቅፎ ሥጋ ለብሶበታል፤ ሲነቀል ነርቩም አብሮ ይበጠሳል። ይህንን በሦስት ደብዳቤ ባስረዳም፣ መመሪያው ስለ ነርቭ አይናገርም ተብዬአለሁ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ሲባል ሰምቼ አውቃለሁ፤ መዝገብ በጎደለ አይጥ ሲመታ ግን ገና ማየቴ ነው።

፫. ይህችኛዋን ባልጽፋት በወደድሁ። እናቴ ፊቷን እንደ እሳት የሚለበልብ ሕመም ከያዛት አራት ዓመቷ ነው። ነፋስ ሲነካት ትጮኻለች፤ ሾርባ እንኳ በቀሰም ነው የምትጠጣው። የሞከርንላት መድኃኒት ሁሉ አልያዘላትም። ምርምሩ ለእሷ ይድረስ አይድረስ አላውቅም፤ እሷ ግን ከሥራ ስመለስ ከእኔ ደህንነት በፊት የአይጦቹን ትጠይቀኛለች። ጌታዬ፣ ጨንቆኛል! ሌላ የምነግራት ተስፋ የለኝም። ቆጠራውን በወረቀት ይዝጉት፤ አይጦቹ እንደሆኑ ፓስፖርት የላቸውም፣ የትም አይሄዱም። ሦስት ሳምንት ብቻ ይስጡኝ፣ በሞቴ!

መመሪያዎ ከሁላችንም ዕድሜ በላይ እንዲኖር ከሚመኙት መካከል እጅግ የደከመችው፣

የምድር ቤቷ ቴክኒሺያን

ማሳሰቢያ፦ ሽቦዎቹ ዓርብ የሚነቀሉ ከሆነ፣ ለእናቴ የሚነገራትን እርስዎ ይጻፉልኝ፤ እኔ አፍ የለኝም። እባክዎ ለስለስ ያድርጉት፤ ስታለቅስ ሕመሙ ይብስባታል።