ስለ አባቴ የአንድ ዓመት እገዳ

ይድረስ ለተከበሩ የካሎዌይ ደሴት የመግቢያ ፈቃድ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣ እርስዎም፣ ሮኬቶችዎም፣ አዞዎችዎም ደህና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። ዴልማር ፕሩዊት እባላለሁ፤ ጡረታ የወጣሁ ፖስታ አዳይ ነኝ። የዘጠና ሦስት ዓመት ሰው የሆነው አባቴ ኦርቪል፣ ዛሬ ግማሹ የዱር አራዊት መጠለያ፣ ግማሹ የሮኬት ማስወንጨፊያ በሆነው ግቢዎ ውስጥ፣ ቦታው ገና የብርቱካን እርሻ ሳለ ተወልዶ፣ መንግሥት እስኪያስነሳው ድረስ ኖሮበታል። በልጅነቷ በወባ የሞተችው ታላቅ እህቱ ሉሲልም እዚያው ተቀብራለች። በዚህ ጸደይ መቃብሯን ለማየት ስንመጣ ስለተደረገልን መስተንግዶ በአደባባይ ላመሰግንዎ ወደድሁ።

አንደኛ፣ መጋቢት ላይ ሮኬት ስለሚወነጨፍ መንገዱ ተዘጋብን፤ ሮኬቱም በነፋስ ምክንያት ሳይነሳ ቀረ። አራት ሰዓት ሙሉ መኪና ውስጥ አስቀምጣችሁ ያልሄደ ሮኬት ስላሳያችሁን እናመሰግናለን፤ የሄደውንማ ማንም ያየዋል።

ሁለተኛ፣ ሚያዝያ ላይ ሮኬት አልነበረም፤ ነገር ግን ወፎች እንቁላል ታቅፈው ስለነበር የመቃብሩ መንገድ ዝግ ሆኖ አገኘነው። አባቴ፣ "ይታቀፉ እንጂ፤ እነሱን እንኳ ማንም አያስነሳቸው" አለና መኪናውን እንዳዞር ነገረኝ።

ሦስተኛው ትንሽ ይረዝማል። ግንቦት ላይ ደግሞ ሮኬት ነበር። በሩ ላይ ቆመን ሳለ አንድ አዞ ከቦዩ ወጥቶ መንገዱን በዘጋው መከለያ ሥር ሾልኮ ገባ።

"ልጄ፣ እሱ ማንን አስፈቅዶ ነው?" አላት አባቴ፣ ጠባቂዋን ማሪሴላን።

"እሱ የግቢው ነዋሪ ነው፣ አባባ።"

"እኔስ?"

አባቴም ምርኩዙን ይዞ በመከለያው ጎን ዞሮ ገባ። ልጅቷ በሬዲዮ እየተነጋገረች ተከተለችው። "ሮኬቱ ዛሬም ቀርቷል፤ መንገዱን ግን ገና አልከፈቱም" አለችው። ከዚያም ወደ በሩ ዞር ብላ አየችና፣ "በሉ ክንዴን ይያዙ" አለች።

እኔ በሩ ላይ ቀረሁ፤ ማሪሴላ በኋላ እንደነገረችኝ፣ አባቴ እህቱ አጠገብ ሃያ ደቂቃ ተቀመጠ። ድንጋዩን በመሐረቡ ጠረገው። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ፣ "ስሟ አሁንም ይነበባል" አለኝ።

በሳምንቱ ጽሕፈት ቤትዎ ማሪሴላን ከበሩ አንስቶ ወደ መጋዘን አዛወራት፤ ለእኛም የአንድ ዓመት እገዳ ላከልን። ሳነብለት አባቴ፣ "ከዓመት በኋላም እንደምኖር ስላመኑልኝ አመስግንልኝ" አለ። ሐኪሙ እንኳ ይህን ያህል ደፍሮለት አያውቅም። የእኔ ልመና አንድ ብቻ ነው፤ ማሪሴላ ወደ በሯ ትመለስ። በዚያ ግቢ ከሮኬትና ከአራዊት ሌላ ሰውም እንዳለ የታያት እሷ ናት።

ከአጥሩ ማዶ ባርኔጣዬን አንስቼ፣ ለክቡርነትዎ ጥርት ያለ ሰማይ እየተመኘሁ፣ በታላቅ ትሕትና እሰናበታለሁ።
ዴልማር ፕሩዊት

ድኅረ ጽሑፍ፦ እገዳው የተጻፈው "ለሉሲል ፕሩዊትና ለአጃቢዎቿ" ነው፤ በቅጹ ላይ ለመጎብኘት የመጣነው ማንን እንደሆነ የሞላነውን ስም ጸሐፊዎ የጎብኚ ስም አድርጎት ይሆናል። ሉሲል ግን ከገባች ሰማንያ ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ እስካሁንም አልወጣችም። እንድትወጣ የሚነግራት ሰው ቢልኩባት መልካም ነው፤ እኛ መግባት ተከልክለናል።