በለቅሷቸው እሳቱ እንዳይጠፋ አደራ ያሉት የአቶ ገለታ ሁንዴ የሕይወት ታሪክ

ከጭስ ማውጫው ጭስ የማይወጣው እሳቱ ጠፍቶ ነው ወይስ በደንብ ነዶ?

በዚህ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ቆማችሁ ወደ እንጦጦ ቀና ስትሉ፣ ከባሕር ዛፎቹ ዝቅ ብሎ አንድ የብረት ጭስ ማውጫ ታያላችሁ። የሆስፒታሉ ቆሻሻ ማቃጠያ ምድጃ ነው። ዛሬ ጠዋት ይህ ጽሑፍ ወደ ማተሚያ ቤት ሳይሄድ አይቼው ነበር፤ ጭስ የለውም። የጠፋ ምድጃ አይጨስም። በሚገባ የነደደ ምድጃም አይጨስም። ከሩቅ ሲያዩት ሁለቱ አንድ ናቸው። የሕይወት ታሪክ በጥያቄ እንደማይጀመር አውቃለሁ፤ ነገር ግን አቶ ገለታ ሁንዴ የመጨረሻ ዓመታቸውን የደከሙት በዚሁ ነገር ስለሆነ ሌላ መነሻ አጣሁ። የእህታቸው ልጅ ኢየሩ ነኝ። “ውጭ አገር ተምረሽ መጥተሻል፤ አንቺ ጻፊው” ተባልኩና ጻፍኩት። የተማርኩት ግን ይህን ጥያቄ አይመልስልኝም።

አቶ ገለታ ሁንዴ ከአባታቸው ከአቶ ሁንዴ ቶላ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሎሚ ሮቢ፣ ከእንጦጦ ጀርባ በሱሉልታ አካባቢ በ1952 ዓ.ም. ተወለዱ። የሰባት ዓመት ልጅ ሳሉ ቤተሰቡ ተራራውን ተሻግሮ ጉለሌ ገባ። አባታቸው በአዲሱ ገበያ እህል በመሸከም፣ እናታቸው ቅቤ በመሸጥ አሳደጓቸው። አማርኛን የተማሩት ከጎረቤት ልጆች ጋር እየተጣሉ እንደሆነ ራሳቸው ይናገሩ ነበር። እስከ እርጅናቸውም ድረስ ከማሽን ጋር የሚጣሉት በኦሮምኛ፣ ከአለቃ ጋር የሚጣሉት በአማርኛ ነበር። “ማሽን በአማርኛ ሲሰድቡት አይሰማም” ይሉ ነበር።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በዚሁ በጉለሌ ተከታትለው እስከ ስምንተኛ ክፍል ደርሰዋል። ከዚያ በላይ ያለውን በማታ ትምህርት ጀምረው ሁለት ጊዜ አቋርጠውታል። ምክንያቱን ስንጠይቃቸው አንዴ ሥራ፣ አንዴ እንቅልፍ ነው ይሉ ነበር። እንቅልፍ የሚለው ይበልጥ እውነት ይመስለኛል፤ ምክንያቱም በ1971 ዓ.ም. በአንድ የክር ፋብሪካ የቦይለር ሠራተኛ ሆነው ተቀጥረው ከንጋት በፊት እሳት ማቀጣጠል ሥራቸው ሆኖ ነበር። ከእሳት ጋር የተዋወቁት እዚያ ነው።

በዚያው ፋብሪካ በማጠንጠኛ ክፍል ይሠሩ ከነበሩት ከወ/ሮ ሰርካለም አድነው ጋር በ1979 ዓ.ም. በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ጋብቻ ፈጸሙ። ወ/ሮ ሰርካለም እንደሚያስታውሱት፣ የሽማግሌ መላኪያው ቀን ቦይለሩ ተበላሽቶ ሙሽራው ፊታቸውን ጥላሸት ተቀብተው ነው የደረሱት። የሙሽሪት አባት “ልጄን የምትወስደው አንተ ነህ ወይስ ከሰል ሻጭ ነህ?” ብለው ቢጠይቋቸው፣ “ሁለቱም ነኝ አባባ፤ ከሰሉን ግን አልሸጥም” ብለው መለሱ። ትዳራቸው በፊሊሞንና በሮዳስ ተባረከ።

ፋብሪካው ሥራ ሲቀንስ በ1990 ዓ.ም. ወደ ሆስፒታሉ ተዛውረው በልብስ ማጠቢያው ቦይለር ላይ ሠሩ። በ1998 ዓ.ም. ሆስፒታሉ አዲስ ምድጃ አስተከለና አጭር ሥልጠና ወስደው የምድጃው ኃላፊ ሆኑ። ያገለገለ መርፌ፣ ደም የነካ ጥጥና ፋሻ፣ ከቀዶ ጥገና የሚወጣው ሁሉ ወደ እርሳቸው ይመጣ ጀመር። ምድጃው ሁለት ክፍል አለው። ታችኛው ቆሻሻውን ያቃጥላል፤ ላይኛው ከታች የወጣውን ጭስ ራሱን መልሶ ያቃጥላል። የላይኛው ክፍል ሳይግል ቆሻሻ ከተጫነ ጭሱ ሳይቃጠል ወደ ሰፈር ይወርዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ባዶውን በናፍጣ ማሞቅ፣ የሙቀት መለኪያው ስምንት መቶ ሃምሳ ዲግሪ ሳይደርስ አለመጫን፣ ሲጭኑም ትንሽ ትንሽ መጫን፣ እርጥብ አለማስገባት፣ አመዱን ሳይቀዘቅዝ አለመንካት ግዴታ ነው። አንድ ሌላ ደንብ ደግሞ የራሳቸው ነበር፤ እሳት ላይ ያለ ሰው ስልኩን ልብስ መቀየሪያ ክፍል ይተዋል። በዚህ ምክንያት አቶ ገለታን በሥራ ሰዓት በስልክ ያገኘ ዘመድ የለም። ወ/ሮ ሰርካለም ሮዳስን ሊወልዱ ምጥ በያዛቸው ቀን አቶ ገለታ ስልክ ስለማያነሱ ሰው ተልኮባቸው ተገኙ ብንል ግን ትክክል አይሆንም፤ ያኔ ስልኩም አልነበረም። ቤት ውስጥ ግን እንዲህ ሆኖ ይወራል።

አሁን ወደዚህ ቅጥር ያመጣን ነገር ላይ ደርሻለሁ።

በ2002 ዓ.ም. ከሆስፒታሉ በታች ባለው ሰፈር የእድራችን ድንኳን ተተክሎ ሳለ ነፋሱ ዞረና የምድጃው ጭስ ለቅሶተኛው ላይ ወረደ። ከለቅሶተኞቹ አንዷ፣ “የሞተውን ቀበርን፤ እኛን ደግሞ ሊያጨሱን ነው?” ብለው ጮኹ። ሰው ሳቀ፣ አስለቃሹም ሳቀ። በዚያ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው የነበሩት አቶ ገለታ ግን አልሳቁም። በማግስቱ ለእድሩ ዳኛ ለአቶ ዘርዓብሩክ ቃል ገቡ። የእድሩ ድንኳን በተተከለ ጊዜ ሁሉ እስከ ሠልስት ድረስ ምድጃው አይነድም።

ሰፈሩ መረቃቸው። ልማዱም ሥር ሰደደ። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ሞት ለፍፎ ሲጨርስ መጨረሻ ላይ የሆስፒታሉን በር ያንኳኳል፤ ዘበኛው ይነግራል፤ እሳቱ ይጠፋል። ጉለሌ ውስጥ “ምድጃው ቆሞለታል” ማለት ሟቹ በክብር ተሸኘ ማለት ሆነ። የሆስፒታሉ አስተዳደርም ከጎረቤት ጋር በሰላም መኖሩን ወደደው። ክፉ ነገር አልነበረም። በልባዊ አክብሮት የተጀመረ ነው።

ነገር ግን ሰው ስለሞተ ሆስፒታል ሥራ አያቆምም። በእነዚያ ቀናት የቆሻሻው ከረጢት ይከመራል፤ ዝናብ ያርሰዋል፤ ውሻ ይቀደዋል። ከሠልስት በኋላ ክምሩን ለመጨረስ ምድጃው ሳይግል፣ ከአቅሙ በላይ፣ እርጥቡ ከደረቁ ጋር ይጫናል። ያኔ የሚወጣው ጭስ ጥቁር ነው፤ የሚወርደውም እንባቸው ገና ባልደረቀ ሰዎች ላይ ነው። አቶ ገለታ ይህን ያዩ ነበር። አይተውም ዝም አሉ፤ ቃል ቃል ነው ብለው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ለቅሶ ተከታተለና ክምሩ ከአጥሩ በላይ ሆነ። ያኔ የጽዳት ሠራተኛ የነበረችው ኢፍቱ ክምሩን ስታስተካክል ከተቀደደ ከረጢት የወጣ መርፌ ወጋት።

ለአንድ ወር መከላከያ መድኃኒት ዋጠች፤ ምርመራዋም እስከ መጨረሻው ነጻ ሆነ፤ ፈጣሪ ይመስገን። ያን ወር ግን እርሷም እርሳቸውም እንዴት እንደኖሩት ቤተሰቡ አይቷል። አቶ ገለታ በየጠዋቱ እንቁላልና ዳቦ ይዘው በሯ ላይ ይቆሙ ነበር። አንድ ቀን፣ “ጋሼ፣ ለሞተ ሰው ክብር ብለን እኔ በቁሜ ልሙት?” አለቻቸው። ስትድን ከአስተዳደሩ ጋር ተከራክረው ወደ ምድጃው አዛወሯትና ሥራውን አስተማሯት።

በቀጣዩ ዓመት የእድሩ ስብሰባ ላይ ተነሥተው ልማዱ ይቅር አሉ። እኔም ያኔ ከውጭ መመለሴ ስለነበር ተገኝቼ ነበር። አቶ ዘርዓብሩክ ተቆጡ።

“ገለታ፣ ለጎረቤቴ ያቆምከውን ለእናቴ ልታነድባት ነው?”

“ጋሽ ዘርዓ፣ የሚጨሰው እኮ ስለማቆመው ነው። በየቀኑ ባነደው አይጨስም።”

“ጭስ ከሌለው ታዲያ መንደዱን በምን እናውቃለን?”

“አታውቁም።”

“እና መጥፋቱንስ?”

“እሱንም አታውቁም።”

ቤቱ በሳቅ አለቀ። ከኋላ አንዱ፣ “እንግዲያው ምን አከራከረን? ገለታ ይዋሸን፣ እኛም እንመን!” አለ። ለአፍታ የሚያዋጣ መስሎኝ ነበር። አቶ ገለታ ግን በድንኳን ውስጥ ተቀምጦ የሚያለቅስን ሰው አልዋሽም ብለው ተቀመጡ። ስብሰባው ልማዱን አጸና። አስተዳደሩም ከእድሩ ጋር መጣላት አልፈለገም። ጥሩምባ ነፊው በሩን ማንኳኳቱን ቀጠለ፤ እሳቱም መጥፋቱን።

ከዚያ በኋላ ደከማቸው። ጡረታቸው በ2012 ዓ.ም. ወጥቶ በኮንትራት ይሠሩ ነበርና መተው ይችሉ ነበር። አልተዉም። አንድ ቀን ግን ለወ/ሮ ሰርካለም፣ ለልጆቻቸውና ለእኔ እንዲህ አሉን፦ “ለእኔ እንዳይቆም። ልማዱን ያመጣሁት እኔ ነኝ። በእኔ ለቅሶ እሳቱ ከነደደ ከእንግዲህ ማንም ለሟቼ አቁሙልኝ አይልም። በእኔ ከቆመ ግን መቼም አይቀርም።” ወ/ሮ ሰርካለም፣ “አንተ ሰው፣ ሞትህን እንኳ ለሥራ ልታውለው ነው?” አሏቸው። “ሌላ ምን ላደርገው ነው?” አሉ።

በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት ሳላቸው ጠና። ሳንባቸው ታመመ ተባለ። የምድጃው ጭስ ነው፣ የፋብሪካው ብናኝ ነው፣ ወይስ ዕድሜ ነው ብዬ ሐኪሞቹን ጠይቄ ነበር። አዎም አላሉኝ፣ አይደለምም አላሉኝ። ያለ ማስረጃ ማመን አልችልም፤ መካድም አልቻልኩም። እርሳቸው ግን አልጠየቁም። ኢፍቱ ከሥራ ስትወጣ እየመጣች አጠገባቸው ትቀመጥ ነበር። “ዛሬ ስንት ላይ ጫንሽ?” ይሏታል። ትነግራቸዋለች። “እርጥብ ነበረው?” ይሏታል። “ጋሼ፣ ተኙ እስቲ” ትላቸዋለች። አደራቸውን ለእርሷም ነግረዋት እንደነበር እናውቃለን። እሺ ማለቷን ግን የሰማ የለም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ “እርስዎ ተኝተው እኔ እሳት ሳነድ ሰው ምን ይለኛል?” ስትላቸው ሮዳስ ሰምታለች።

አቶ ገለታ ሁንዴ ለአንድ ዓመት ከጥቂት ወራት በሕክምናና በጸበል ሲረዱ ቆይተው ትናንት ሐሙስ ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ በተወለዱ በ65 ዓመታቸው በቤታቸው ዐርፈዋል። ባለቤታቸውን ወ/ሮ ሰርካለም አድነውን፣ ልጆቻቸውን ፊሊሞንንና ሮዳስን፣ አንዲት የልጅ ልጅ እና እናቴን፣ ብቸኛ እህታቸውን፣ ትተው ሄደዋል።

ማታ ጥሩምባ ነፊው ሰፈሩን ለፍፎ ሲጨርስ እንደ ልማዱ የሆስፒታሉን በር አንኳኳ። የከለከለው አልነበረም፤ እኛም ለቅሶ ላይ ነበርን። ዘበኛው “እነግራቸዋለሁ” እንዳለው ጥሩምባ ነፊው ነግሮናል። ኢፍቱ እስከዚህ ሰዓት ለቅሶ ቤት አልመጣችም። ቤቷ ተኝታ እያለቀሰች ይሁን፣ ወይም ምድጃው ፊት ቆማ፣ አላወቅንም። በቀረችው ላይ ማንም ቅር እንዳይሰኝ ቤተሰቡ ይለምናል።

በለቅሶው አብራችሁን የቆማችሁ የእድራችን አባላት፣ ጎረቤቶቻችንና የሆስፒታሉ ሠራተኞች፣ ድካማችሁን ፈጣሪ ይቁጠርላችሁ። ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያስቀምጥልን፤ ስንት ዓመት የሌላውን ሲያነጻ የኖረው ትንፋሻቸውም በእርሱ ዘንድ ይረፍ።

ትናንት ጠዋት፣ ገና ድምፃቸው ሳይዘጋ፣ ስልካቸውን ጠይቀው ለኢፍቱ በራሳቸው ጣት መልእክት ጻፉ። ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው። እንዲህ ይላል፦ “ኢፍቱ፣ በእኔ ጊዜ እንዳታቆሚ። ባዶውን አሙቂ። ትንሽ ትንሽ ጫኚ። እሺ ካልሽ ንገሪኝ።” ከላኩ በኋላ ስልኩን ደረታቸው ላይ አስቀመጡት። ፊሊሞን ልደውልላት ወይ ቢላቸው፣ “ተዋት፤ እሳት ላይ ከሆነች አታየውም” አሉ።

እስኪያርፉ ድረስ ስልኩ ደረታቸው ላይ ነበር። መልስ አልመጣም።