ቦታዎ ተይዟል ስለተባለችው እናቴ

ለተከበሩ የዓይን ሕክምና ማዕከሉ የቀጠሮ አገልግሎት ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በተለይ ዓይንዎ ደህና ነው? እኛ በድረ ገጽዎ ላይ ተሰልፈን በቆምንበት ሆነን ሙሉ ጤና እንመኝልዎታለን።

እኔ የልብስ ሰፊዋ የመጨረሻ ልጅ ነኝ። ትምህርቴ ሰባተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ እናቴ መርፌ ላይ ክር ማስገባት ሲያቅታት ሱቅ ውስጥ የምታስገባላት ልጅ አስፈለገቻት። ፊት ለፊት ብንገናኝ አንዲት ቃል እንደማይወጣኝ ስለማውቅ በጽሑፍ መድፈሬን ይቅር ይበሉኝ።

የእናቴን የግራ ዓይን ሞራ ሸፍኖታል፤ ቀኙም እየተከተለው ነው። ባለፈው ሳምንት የስፌት መኪናው መርፌ በጣቷ ጥፍር ላይ አለፈ። እሷ ግን ደሙን በቁራጭ ጨርቅ ጠቅልላ «አይዞሽ፣ ገና ቀጥ አድርጌ እሰፋለሁ» አለችኝ። ሞራ የሚገፍፉት ሐኪሞች የሚመጡት በዓመት አንዴ ሲሆን፣ ምዝገባው አምስት ቀን ብቻ፣ ያውም በእርስዎ ገጽ ብቻ ነው። ዛሬ አራተኛው ቀን አለቀ። ስለዚህ ምስጋናዬን ሳይረፍድ በቅደም ተከተል ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ መልካም አቀባበልዎ አመሰግናለሁ። ሰኞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ በእናቴ ስልክ ስገባ «እንኳን ደህና መጡ፤ አገልግሎቱ እየተዘጋጀ ነው፤ ቦታዎ ተይዟል፤ ገጹን አይዝጉ» የሚል ጽሑፍ ተቀበለኝ። ለእናቴ ሳነብላት «አየሽ፣ ሰው አክባሪዎች ናቸው» ብላ ቀሚሷን አስተካከለች። ሦስት ሰዓት ላይ የምዝገባ ፕሮግራማችሁ ሲነሳ ግን «ግንኙነትዎ ተቋርጧል፤ እንደ አዲስ ይሞክሩ» አለን። ከእኛ ሁለት ሰዓት ዘግይታ የገባችው ጎረቤታችን ለአክስቷ ቀጠሮ አገኘች።

ጥፋቱ የእኔ መስሎኝ አፍሬ ከሱቃችን ጎን ላለው ስልክ ጠጋኝ አሳየሁት። «እየውልሽ፣» አለኝ፣ «ዋናው ፕሮግራም ሳይነሳ ደጅ ላይ ሰው የሚቀበል ትንሽ ፕሮግራም አለ። የመጣውን ያሰልፋል፤ ትልቁ ሲነሳ በተራ ያስረክበዋል። ደግ ዘዴ ነው፣ ማንም አይመለስም። የእነዚህ ግን ማስረከቡን ረስቶታል። ትልቁ ሲነቃ ደጁን ጠርጎ እንደ አዲስ ይከፍታል።» ክቡር ሆይ፣ ማልደን የመጣነው ከቆሻሻው ጋር መጠረጋችንን ያወቅኩት ያኔ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ዝምታዎ አመሰግናለሁ። ማክሰኞ ዘግይቼ፣ ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል ብሞክር ገጹ አልከፈት አለ። ጠጋኙ እንደነገረኝ ደጁ የሚይዘው መቶ ሃያ ስምንት ሰው ብቻ ነው፤ መቶ ሃያ ዘጠነኛው «ሞልቷል» አይባልም፣ ዝም ይባላል። እኔ ዝምታን አውቀዋለሁ፣ አብሮኝ ያደገ ነው። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእናቴ ዓይን ግን ይህን ተረት አልሰማም።

ሦስተኛ፣ ስለ ምሳ ሰዓትዎ። ረቡዕ ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ ተሰልፌ ከፊቴ ሦስት ሰው ብቻ ሲቀር፣ ሠራተኞችዎ «ንጹህ ሆኖ ይነሳ» ብለው ፕሮግራሙን ከነሰልፉ አጥፍተው ምሳ ወጡ። መልካም ምግብ ይሁንላቸው።

አራተኛ፣ ዛሬ ድፍረቴን አሰባስቤ በእግሬ መጣሁ። በመስኮቱ ያለችው እህት «የኔ ቆንጆ፣ እዚህ አንመዘግብም፣ በስልክሽ ግቢ» አለችኝ። ስልኩን ወደ መስኮቱ ዘረጋሁት። «ቦታዎ ተይዟል» ይላል። አየችው፤ «እሱማ ተይዟል» አለችኝ። ይህን ምን ብዬ እንደማመሰግን ስላላወቅኩ ባዶውን ትቼዋለሁ።

ስወጣ ሽማግሌው ዘበኛ በሩ ላይ ሳለቅስ አዩኝ። ቀድሞ ቢሮው ሳይከፈት የመጣውን ሁሉ በደብተር እየመዘገቡ፣ በሩ ሲከፈት ለመዝጋቢዋ ያስረክቡ እንደነበር አጫወቱኝ። «ገጹ ሲመጣ ደብተሬን ጡረታ አወጧት» አሉኝ። «እኔን ረስተውኝ ነው የቀረሁት፣ ልጄ።»

ክቡር ሆይ፣ ልመናዬ ትንሽ ናት። ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ምዝገባው ይዘጋል። ወይ ፕሮግራሙን ከእኛ ቀድመው ይቀስቅሱት፣ ወይ ደጅ ያቆመን ፕሮግራም በተራችን ያስረክበን፣ ወይ ደብተሯን ከጡረታ ይመልሷት። እናቴ «ትልቅ ሰው አይነቀፍም፣ ምን ብለሽ እንደጻፍሽ አንብቢልኝ» ስላለችኝ ስለ ጤናዎ የጠየቅኩበትን ብቻ አነበብኩላት። በጨዋነቴ ኮርታለች። ራሷ ማንበብ ብትችል ኖሮ ይህን ልዋሻት አልችልም ነበር፤ ለዚህም ባለውለታዬ ነዎት።

ገጹን ሳልዘጋ፣ ከመቶ ሃያ ዘጠነኛው ቦታ ሆኜ በታላቅ አክብሮት እጅ የምነሳዎ፣
የልብስ ሰፊዋ ልጅ

ማስታወሻ፦ ይህን በርዎ ላይ ልለጥፍ ስመጣ ዘበኛው አዲስ ደብተር ገዝተው ጠበቁኝ፤ ጻፊ አሉኝ። እናቴን አንደኛ አድርጌ፣ በሩ ላይ ከነበሩት መካከል ገጹ የመለሳቸውን ሠላሳ ሰዎች አስከትዬ ጻፍኩ። ለምን ራሳቸው እንደማይጽፉ ስጠይቃቸው መስመሩ እንደማይታያቸው ነገሩኝ። ሞራ ነው፣ ሁለት ዓመቱ፤ እዚሁ በእርስዎ በር ላይ ሆነው። ሠላሳ ሁለተኛው እሳቸው ናቸው፤ ደብተሩ የራሳቸው ቢሆንም ማንንም አልቀደሙም። ነገ ጠዋት ሲገቡ ደብተሩን ይዘረጉልዎታል። እጅዎን ባያዩት እንኳ፣ እባክዎ ይቀበሏቸው።