ሬዲዮው ዝም ሲል

ደሴ፣ ኅዳር 24 ቀን 2002 ዓ.ም.

ዛሬም ኮምቦልቻ ሥራ ውዬ ሳይመሽ ወደ ደሴ ወጣሁ። ታላቅ ወንድሜ ሰይድ እዚያ እያደረ በያዘው ወባ ከሞተ ወዲህ እናቴ ቆላ እንዳድር አትፈቅድም። «ቢንቢ ደሴ ድረስ አይወጣም» ትላለች። በዚህ ቃል ተማምኜ ነው ያደግሁት።

ቤት ስገባ ሬዲዮው ይጮሃል። ሰሞኑን ድምፁን ከፍ ማድረግ አብዝታለች። ጋዜጠኛው ዘንድሮ ውርጭ የሌለበት ደስ የሚል ኅዳር ነው እያለ ለደሴ ሰው የምሥራች ያወራል። ወዲያው አንድ ምሁር ቀረበና ምድር እየሞቀች ነው፣ ያሰጋል አለ። ከዚያ ዘፈን ተለቀቀ። ተናደድሁ። «ታዲያ የቱን እንመን?» ብዬ ጋቢዬን ወረወርሁት። በኅዳር ላብ አጠመቀኝ!

በዚህ መሀል መብራት ሄደ። ሬዲዮው ዝም ሲል ጆሮዬ ሥር ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። ኮምቦልቻ የማውቀው ድምፅ ነው። እናቴ ንቅንቅ አላለችም።

«ቢንቢዋ ከእኔ ጋር በታክሲ መጥታ ይሆናል» አልኋት።

«ወላሂ ልጄ፣ ሦስት ቀኗ ነው» አለችኝ። «ሬዲዮውን የማስጮኸው እንዳትሰማት ብዬ ነው።»