የመውለጃዬ ሳር

የካቲት 3

ዛሬ ለሁለት ሴቶች ሹሩባ ሠራሁ። ወገቤ ተቆረጠ። ሆዴ ገፍቷል፣ ቆሞ መሥራት ከበደኝ... ያገኘሁትን እንደ ሁልጊዜው ለባሌ ሰጠሁት። የመውለጃዬን ገንዘብ የሚያስቀምጠው እሱ ነው። አንድ ላይ ይሁን ይላል።

ከሥራ ሲመጣ ግቢውን በገመድ ለካ። ምንድነው ስለው፣ ሳር አለኝ። ተጠቅልሎ ይሸጣል አሉ፣ እንደ ምንጣፍ መዘርጋት ነው። አለቃው እሁድ ሊጠይቀን ይመጣላ። ሊግጥ ነው የሚመጣው? አላልኩትም። በሆዴ ነው ያልኩት።

የካቲት 5

በጀት አወጣ። እስክሪብቶ ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ መሐንዲስ መስሎ። የሳሩን ዋጋ ጻፈ፣ የመኪናውን ጻፈ፣ ደመረ፣ አለቀ።

"መሬቱ አይቆፈርም?"

"ለሳር?"

"አፈርስ? የውሃውስ?"

"አንቺ ሹሩባሽን ሥሪ።"

ግቢያችን እኮ ሚስማር አይገባውም። ሂሳብ አዋቂ።

ገንዘቡ ከየት ነው አልኩት። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ያኔ ገባኝ... የኔ ነው፣ የመውለጃዬ።

"እናቴ ስድስት ልጅ የወለደችው ቤቷ ነው" አለኝ።

እህቴም ቤቷ ነው የወለደችው። ፍራሹን ያጠብኩት እኔ ነኝ፣ ደሙ አልለቅ ብሎኝ። አልተረፈችም። ይሄን ያውቃል። እያወቀ ነው።

የካቲት 6

ከፍሎ መጣ፣ እያፏጨ። አስጠላኝ። ባል እንዲህ ይባላል? እንጃ። ፈርቻለሁ።

የካቲት 8

ሳሩ መጣ፣ እሱ ሥራ ላይ ነው። ሹፌሩ ግቢውን በጫማው መታ መታ አድርጎ ሳቀ።

"እህቴ፣ እዚህ ላይ? አስፋልቱ ላይ ብናነጥፈው ይሻላል።"

"ነገ እናስቆፍራለን።" ዋሸሁ።

"ተጠቅልሎ ካደረ ይግላል። ነገ ገለባ ነው የምታገኚው።"

ጡረተኛዋ ጎረቤታችን በአጥሩ ብቅ አሉ። የሳቸው ግቢ ለአትክልት ተቆፍሮ ለስልሷል። ሳሩን አዩ አዩና "ልጄ፣ ከሚበላሽ ለኔ አትሸጪልኝም?" አሉ።

ባሌ ይገድለኛል አልኩ... አፌ ግን ቀደመኝ። "እሸጥልዎታለሁ እትዬ፣ ገንዘቡን ግን አሁን።" እኔ ነኝ ያልኩት? እኔ ነኝ። ተከራክረው ትንሽ አስቀነሱኝ፣ ይሁን። ጡቴ ሥር ሻጥ አደረግኩት፣ ልቤ እየዘለለ ሊጥልብኝ ነበር።

ባሌ መጣ። ግቢውን አየ፣ በአጥሩ ማዶ አረንጓዴውን አየ።

"ሳሬስ?"

"ያውልህ። ከዚህም ሆኖ ይታያል።"

ጮኸ፣ በሩን ደበደበ፣ ገንዘቡን አምጪ አለ። "እህቴ እንዴት እንደሞተች ንገረኝና እሰጥሃለሁ" አልኩት። ገብቶ እንደ ሕፃን አኩርፎ ተኛ... ይሄን ነው ስፈራ የኖርኩት?

የካቲት 11፣ እሁድ

አለቃው መጣ። ስለ ጥርሱ ሕመም ሲያወራ ዋለ። አንዴም ወደ መሬት አላየም።

የካቲት 12

ሐኪም ቤት ተመዘገብኩ፣ ቅድመ ክፍያውን ራሴ ከፈልኩ። ምጡን አሁንም እፈራለሁ... እሱም ተከትሎኝ መጥቶ አግዳሚ ላይ ተጎልቶ ዋለ። የተረፈው ገንዘብ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ስንወጣ ድምፁን አለስልሶ "ይከብድሻል፣ ቦርሳውን ልያዝልሽ" አለኝ።

አልሰጠሁትም።