ፀሐይ ላይ የወጣ ማስረጃ

እንደምን ከርመሻል ጓዴ?

ወንድሜ ተሸለመ! "ፀሐይ ሲያይ የሚያስነጥሰው ሰው ላይ ዕድሜውን ፈጀ" እያልሽ የምትስቂበት ጥናት እዚህ ፈረንጅ አገር ሲወደስ ብትሰሚ ጉድ ትያለሽ። ማስነጠሱ በዘር እንደሚወረስ ያሳየ፣ ስለ ዘር ውርስ የሚጽፍ ሁሉ የሚጠቅሰው ምሁር ነው አሉ።

ሽልማቱን የሰጡት ግን "ብርድ እንጂ ዘር አይደለም" እያሉ ሃያ ዓመት በጽሑፍ የሞገቱት ሽማግሌ ፕሮፌሰር ናቸው። ሲጨብጡት እንኳ "አሁንም አላመንኩም" አሉት። ከዚያ ለፎቶ ከአዳራሹ ወደ ግቢው ወጣን። ወንድሜ ፀሐይ ሲያይ እንደ ልማዱ አስነጠሰ። ፕሮፌሰሩ ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው ፊታቸው በርበሬ መሰለ፤ በመጨረሻ "እንጥሽ!" ሲሉ መነጽራቸው ሣሩ ላይ ወደቀ። እኛ ጋ ቢሆን መንደሩ በሙሉ "ይማርዎት!" ይል ነበር፤ እዚህ ሁሉም እንዳልሰማ ሆነ። እኔ ብቻዬን ጮህኩት።

"ብርድ ነው" አሉ።

"እናትዎንም ፀሐይ ላይ ብርድ ይመታቸው ነበር?" አላቸው ወንድሜ።

መነጽራቸውን ከሣሩ ላይ አነሱ። እየጠረጉት ቀስ ብለው፣ "እህቴንም" አሉ።

ይሄኔ ወንድሜ ሜዳሊያውን እኔ ላይ ወርውሮ፣ ከኪሱ የማይለየውን ለዘር ምርመራ የሚሆን የምራቅ መውሰጃ ጥጥ አፋቸው ውስጥ ከተተ። ከተዋወቁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ መከራከር አቃታቸው።

ወረቀቱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። ልጆቹን ሳሚልኝ። አማትሽ ፀሐይ ሲያዩ እንደሚያስነጥሳቸው እስካሁን ከወንድሜ ደብቄያለሁ። ከሰማ ግን ሻንጣውን እንኳ ሳያሳርፍ ደጃችሁ ላይ ነውና፣ እማማ አፋቸውን እንዳይከፍቱለት ምከሪያቸው!

ሜዳሊያ ተሸካሚዋ ጓደኛሽ