በፊያቷ ሰልባትዮ ውስጥ የገባው ስፖንጅ

ዛሬ ቅዳሜ የካቲት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ቄራ በሚገኘው የሥራ ቤቴ ጓሮ ባለችው ክፍል ሆኜ፣ እኔ የመኪና ወንበር ሰፊው ብርሃነ ገብረሃና፣ ዕድሜዬ ሰባ አራት የሆነ፣ ይህን ቃሌን በአራት ምስክሮች ፊት እሰጣለሁ። ልቤ ደክሟል፤ እግሬ ውኃ ቋጥሯል፤ ሐኪሙም ዓይኑን ከዓይኔ እያሸሸ ነው የሚያነጋግረኝ። አእምሮዬ ግን ከነቁጣው ሙሉ ነው። ማስረጃ የሚፈልግ ቢኖር፣ ምስክሬ ለታ ባይሳ ዛሬ ጠዋት ለቅበላ ብሎ ያመጣልኝ ሥጋ የትናንት መሆኑን በጠረኑ ለይቼ መልሼለታለሁ።

እዚህ ላይ ለታ «የዛሬ ነው! ብርሃነ፣ በሕግ ወረቀት ላይ ስሜን አታጥፋ፤ ደንበኛ አለኝ እኮ» ብሏል። ይህም ይጻፍ። በዚህ ክፍል ውስጥ የተባለ ሁሉ እንዲጻፍ ጸሐፊዋን ፍዮሪን አዝዣለሁ። በቤቴ አንድ ነገር ሳይነገር ቀርቶ ያደረሰብንን ስለማውቅ ነው።

ምስክሮቼ የነፍስ አባቴ ቀሲስ ሽሻይ፣ የሠላሳ ዓመት ጓደኛዬ ሥጋ ሻጩ ለታ፣ ካዛንቺስ ሳለን ግድግዳ እንጋራ የነበረችው ጎረቤቴ ወይዘሮ ሪሐና፣ እንዲሁም በጠበቃ ቢሮ የምትሠራው ፍዮሪ ራሷ ናቸው። አንዳቸውም ወራሽ አይደሉም። ለታ ከእኔ የሚጠብቀው ነገር ቢኖር ስድብ ብቻ ነው።

በሰኔ 2015 ዓ.ም. ያደረግሁት ኑዛዜ ከዛሬ ጀምሮ ፈርሷል። በዚያ ኑዛዜ ወንድ ልጄን አሉላን «እህቱን ያቃጠለ» ብዬ ከውርስ ነቅዬው ነበር። ያን ቃል ሰፈሩ ሁሉ ተቀብሎ ሲደግመው ይኸው ሁለተኛ ዓመቱ ሊሞላ ነው። የጠራኋችሁ ለዚህ ነው። የቀረው ዕቃ ማከፋፈል ነው፤ እሱን በቶሎ እንጨርሰው፤ ለታ ሰዓቱን እያየ ነው።

አንደኛ። ሲንጀር የስፌት መኪናዬን ለሪሐና ልሰጣት ፈልጌ ነበር። ምስክር አይወርስም ተባልኩ። ዐርባ ዓመት ጨው ስትሰጠኝ የኖረች ሴት ስለ እውነት ልትመሰክር በመጣችበት ቀን ትቀጣለች ማለት ነው! ስለዚህ መኪናው ለሴት ልጄ ለአርያም ይሁን፤ አርያምም ለሪሐና ታውሳት። የመመለሻው ቀን አይቆረጥ።

ሁለተኛ። የካዛንቺሱ ቤታችን ሰፈሩ ሲነሣ አብሮ ተነሥቷል፤ ስለሌለ ነገር አልናዘዝም። ይህ የቄራው ሥራ ቤት ግን አለ። ለአርያምና ለአሉላ እኩል ይሁን። በመካከሉ ግድግዳ ላቁም ያለ ድርሻውን ይጣ።

ሦስተኛ። ነጯ ፊያት 128 ለአርያም ብቻ ናት። መኪናዋ የቤት መኪና የሚያሰኛት ነገር ሁሉ ከውስጧ ወጥቶ ለእሽቅድምድም የተዘጋጀች ናት። ሞተሯን የሠራው አሉላ ነው፤ ወንበሯን የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ የነዳቻት ግን አርያም ናት። ከሰኞ እስከ ዓርብ ለሰው መንጃ ፈቃድ ታስተምራለች፤ እሁድ እሁድ ያስተማረቻቸውን ሁሉ በአንድ ዙር ታልፋቸዋለች። ልጄ በቃጠሎ ተኝታ ሳለ ሊጠይቁ መጥተው «ሴት ልጅ እዚያ ምን ልታደርግ ሄደች?» ያሉትን ሰዎች ፊታቸውን አንድ በአንድ አስታውሳለሁ። ለልቅሶዬ ሲመጡ ጥሩ ቡና ይሰጣቸው፤ መልስ ግን አይሰጣቸው።

አራተኛ። ስለ ሰልባትዮው፣ ማለትም ስለ ቤንዚን መያዣው። ይህን ፍዮሪ በጥንቃቄ ጻፊ፤ የሰው ሕይወት ያለበት ነው።

ፋብሪካው ለፊያቷ የሠራላት ቤንዚን መያዣ ቀጭን ላሜራ ነው፤ ከኋላ ተቀምጦ ከኋላ የሚመጣውን ግጭት ይጠብቃል። ለዚህ ነው የውድድር ሰዎች በቦታው ፊውል ሴል የሚሉትን የሚገጥሙት። ቀሲስ ሽሻይ «ባትሪ መስሎኝ ነበር» ብለዋል። አይደለም፣ አባ። ጠንካራ የብረት ሣጥን ነው፤ በውስጡ የጎማ ፊኛ አለ፤ በፊኛው ውስጥ ደግሞ ቤንዚኑ እንዳይናጥ፣ ቢጋጭም በአንድ ጊዜ እንዳይፈስ የሚይዘው ስፖንጅ አለ። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊኛ ፈልግልኝ ብዬ ለታን ብልከው፣ የበሬ ፊኛ በፌስታል ይዞልኝ መጣ።

ለታ «ፊኛ አልክ፣ ፊኛ አመጣሁ። ትኩስ ነበር እኮ» ብሏል።

የምቆጣው ግን በለታ አይደለም። የምቆጣው በመኪና እሽቅድምድም ክለቡ ሰዎች ነው። ለቀለም፣ ለቸርኬ፣ ለድምፅ ማጉያ ሲሆን እጃቸው ይፈታል፤ ስለ ሰልባትዮ ሲነሣ ይታሰራል። አንዱ «ጋሼ፣ በቃ አያስቡ፣ እስካሁን ማን ተቃጠለ?» ብሎኛል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚል ሕዝብ መካከል ተወልዶ እንዲህ ይላል! ገንዘብ ማነሱን አውቃለሁ፤ እኛም አልነበረንም። ነገር ግን ቁጠባ ቦታ አለው። ሣጥኑን እዚሁ ቄራ ማስበየድ ይቻላል። ማሰሪያ ብረቱን፣ በነጂውና በሰልባትዮው መካከል የሚቆመውን የላሜራ ግድግዳ እንዲሁ። ሦስት ነገር ግን ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ካልሆነ አይገባም፦ ፊኛው፣ መኪናዋ ብትገለበጥ ቤንዚኑን የሚዘጋው ቫልቭ፣ ስፖንጁ። እኛ ያገለገለ ደህና ፊኛ አገኘን፤ ቫልቩን ገዛን፤ በስፖንጁ ላይ ቆጠብን። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ለእኛ ነው።

የገባው የፍራሽ ስፖንጅ ነበር። ሁለት ሳምንት ቤንዚን ውስጥ ሲቆይ ሟሙቶ እንደ ሙቅ ሆነ። በ2015 ዓ.ም. የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት፣ በሦስተኛው ዙር፣ ያ ሙቅ ፖምፓውን ደፈነው፤ ፊያቷ መታጠፊያው ላይ ቀጥ አለች፤ ከኋላ ይመጣ የነበረው መኪና ገባባት። የሚይዘው ስፖንጅ ስላልነበረ ቤንዚኑ በመሙያው አፍ ተተፋ። የልጄ ሁለት እግሮች ከጉልበት በታች፣ ግራ እጇም ተቃጠሉ። ሁለት ወር ተኝታ፣ ከጭኗ ቆዳ ተነሥቶ ተለጠፈላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድሟን አታነጋግረውም። እኔም ከቤት አስወጣሁት።

አምስተኛ። አርያም ለግንቦት ውድድር ፊያቷን እንደገና ልታነሣት መሆኑን ሰው ነገረኝ። ለእኔ አልነገረችኝም! ይባስ ብሎ በድሮው ላሜራ ሰልባትዮ ነው የምትነዳት፤ «ወንድሜ ከሠራው ይሻላል» ብላ። ስለዚህ ለተዝካሬ ያስቀመጥሁት ገንዘብ በሙሉ ለውድድር የተሠራ ስፖንጅ፣ አዲስ ፊኛና ቫልቭ ይገዛበት። የሚገጥመው አሉላ እንዲሆን አዝዣለሁ። በሌላ እጅ ከተገጠመ ፊያቷ ትሸጥ።

ቀሲስ ሽሻይ «ብርሃነ ልጄ፣ ነፍስህስ? ያለ ተዝካር?» ብለውኛል።

አባ፣ ነፍሴ የተያዘችው እዚያ ሰልባትዮ ውስጥ ነው። ድሆች የሚበሉትን ለታ ይሰጥ፤ የትናንቱ ሥጋ አለ።

ለታ ዝም ብሏል። ዝም ማለቱ ይጻፍ፤ ዳግመኛ አይገኝም።

ስድስተኛ። ኑዛዜ የሚባለው ቃል ሁለት ሥራ አለው፤ አንዱ ለወራሽ ነው፣ አንዱ ለካህን። እኔ ለወራሽ የሚሆነውን ጨርሻለሁ። ለካህን የሚሆነውን ለቀሲስ ሽሻይ በጆሯቸው ልነግራቸው ሁለት ዓመት ሞክሬ አቃተኝ። አሁን በሁላችሁም ፊት፣ በጽሑፍ፣ እነግራለሁ።

ስፖንጁን የቆረጥሁት እኔ ነኝ።

አሉላ ትክክለኛውን ስፖንጅ ከውጭ ለማስመጣት ጊዜ ይወስዳልና ይህ ውድድር ይለፈን አለኝ። እኔ ያን የፍራሽ ስፖንጅ ጥቅል ከመደርደሪያ አውርጄ ቢላዋዬን አነሣሁ። «አባዬ፣ ይኼ ቤንዚን የሚችል አይመስለኝም» አለኝ። ዐርባ ዓመት ስፖንጅ የቆረጠን ሰው ስለ ስፖንጅ ሊያስተምር! ደሜ ፈላ። «አንተ ሞተርህን ጠብቅ፤ ስፖንጅ የእኔ ነው» አልኩት። ለክቼ፣ ቆርጬ፣ በገዛ እጄ ወደ ፊኛው አስገባሁት። ልክክ ብሎ ገባ። ሥራዬን አይቼ ደስ አለኝ፤ ይህን መካድ አልችልም።

የአደጋው ቀን በሆስፒታሉ ኮሪደር ባለቤቴ መብርሂት «ማን ነው ይህን የከተተው?» ብላ ጮኸች። አሉላ ዓይኔን አየኝ። እኔ ወለሉን አየሁ። እሱም «እኔ ነኝ» አለ። ከዚያ ወዲያ ከሁሉም በላይ የጮህኩበት እኔ ነኝ። በክለቡ የተቆጣሁት፣ በጠያቂዎቹ የተቆጣሁት፣ ዛሬም ከጠዋት ጀምሮ የምቆጣው ሁሉ የዚያ ጩኸት ትርፍ ነው። ዕድሜዬን የተቀደደ ወንበር ስሸፍን የኖርሁ ሰው ነኝ፤ መሸፈን እችልበታለሁ።

መብርሂት በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ስታርፍ ልጇ ነው ያቃጠላት ብላ እያመነች ሄደች። አሉላ በእናቱ ልቅሶ ከድንኳኑ ዳር፣ ገመዱ ከተተከለበት አጠገብ፣ እንደ ሩቅ ሰው ተቀምጦ ዋለ። «ና፣ ከጎኔ ተቀመጥ» ማለት ሦስት ቃል ነበር። አላልኩም። ለዚህ ይቅርታ የምጠይቃት ሰው የለችም፤ ይህን በምንም መጠገን አልችልም።

በአሉላም ቢሆን ተቆጥቻለሁ። ምን ሲል ዝም አለ? አንድ ጊዜ ቢጮህብኝ ኖሮ እሸነፍ ነበር።

ሰባተኛ። አሁን የተኛሁበት ፍራሽ ከዚያው ጥቅል የተቆረጠ ነው። ለማንም አልሰጠሁትም። ስሞት ጫፉን ቆርጣችሁ በጣሳ ቤንዚን ውስጥ ክተቱት፤ አባቱን የሚያከብር ሰው ሁሉ መጥቶ ይየው። በአርባዬም ቀን ተራ ቁጥር ስድስት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ ሲነበብ አሉላ ከድንኳኑ መካከል ይቀመጥ።

እዚህ ላይ ሪሐና «ጋሼ ብርሃነ፣ ልጁ የሚሠራው ከዚህ ሦስት አጥር ወዲያ ነው። ሞተው በድንኳን ከሚያስነብቡለት፣ ቁጭ ብለው አይነግሩትም?» ብላለች። የኑዛዜ ወግ እንዲህ አይደለም አልኳት። «ወጉን ይተዉት፤ ወግ ነው እዚህ ያደረሰን» አለችኝ። በቤቴ፣ በአልጋዬ ላይ፣ በምስክሬ ተገሠጽሁ! ለታም ሳይጠይቀኝ ስልኩን አውጥቶ መደወል ጀምሯል።

ይደውል። የሚቀረኝ ፊርማ ነው፤ እስኪመጣ እጠብቃለሁ።

የጸሐፊዋ ቃል፦

ተናዛዡ የተባለው ሁሉ ይጻፍ ብለው በሰጡኝ ትእዛዝ መሠረት ቀጥሎ የሆነውን ጽፌአለሁ። አሉላ ብርሃነ ከሥራ ልብሱ ሳይወጣ መጣ። አርያም ብርሃነም ከእርሱ በኋላ ደርሳ በር ላይ ቆመች፤ ማን እንደ ጠራት አልተገለጸም፤ ወይዘሮ ሪሐና ግን ስልካቸውን ቦርሳቸው ውስጥ ሲከቱ አይቻለሁ። ኑዛዜው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለተናዛዡና ለአራቱ ምስክሮች በአንድነት ተነበበ።

ካለቀ በኋላ አሉላ «አባዬ፣ ስፖንጁ ቤንዚን እንደማይችል እኔም አውቅ ነበር። ለአንድ ቀን ይይዛል ብዬ ዝም አልኩ። የሣጥኑን ክዳን ያጠበቅሁት እኮ እኔ ነኝ» አለ።

ተናዛዡ ከትራሱ ቀና ብለው «ውሸቱን ነው! እኔን ለማቅለል ነው። ፍዮሪ፣ ይህን እንዳትጽፊ!» ብለው ተቆጡ።

አርያም ከበሩ ገባች። በአባቷና በወንድሟ መካከል፣ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ግራ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ «ሁለቱንም ጻፊው» አለችኝ። «የተቃጠልኩት እኔ ነኝ።»

ሁለቱም ተጽፏል። ለተናዛዡም አንብቤላቸው አልተቃወሙም፤ ፈርመዋል።

ተናዛዥ፦ ብርሃነ ገብረሃና

ምስክሮች፦
ቀሲስ ሽሻይ፣ የነፍስ አባት፣ ሁለቱንም ኑዛዜ የሰማሁ
ሪሐና፣ ጎረቤት
ፍዮሪ፣ ጸሐፊና ምስክር
ለታ ባይሳ፣ በቅበላ ቅዳሜ ሥጋ ቤቴን ዘግቼ የዋልሁ